ጀርባውን ለመንገዱ የሰጠ ተሟጋች

አንድ ሰው ነበረ። አናጢ ነበረ፤ ሚስቱ ሞታበት ልጅም ሳይተካ ብቻውን የቀረ። ቆይ ይርዳው፣ አታቋርጠኝ! «ወዳጄ ልሳነወርቅ ከሥራ ከታገደ ወዲህ በየደረስኩበት ስለ እሱ እሟገታለሁ፤ ታዲያ ሰው የለኝም እያለ የሚያለቅሰው ምን ሆኖ ነው?» ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? መልሱ አናጢው ዘንድ ነው። ነገሩ የብስክሌት ውድድር አለበት፤ አሮጊት መነኩሴ ስለ ብስክሌት ምን ታውቃለች ብለህም አትሳቅ። ጎጆዬ መንገድ ዳር ናት፤ ጆሮ ደግሞ አይመነኩስም።

አናጢው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚያናግረው ሰው አልነበረም። ሳንቃውን ሲልግ ይውላል፣ ማታ ሽሮውን ራሱ ሠርቶ ይበላል፣ በሩን ይዘጋል። የብስክሌት ውድድር ያለ ቀን ግን ሰው ይሆናል። የሰፈሩ ሰው ዳገቱ ላይ ተሰብስቦ «ማን ይበልጣል?» እያለ ሲከራከር፣ «ኧረ አናጢውን ጥሩት!» ይባላል። እሱ የሚሟገተው ለአንድ ብስክሌተኛ ነበር። ወጣቱ በዚያው ዳገት ላይ ሲለማመድ ዘመን ሙሉ አይቶታል፤ የወለደውን ያህል ይወደዋል። የሚገርምህ፣ አንድ ቀን እንኳ ቀርቦ «እንደምን አደርክ?» ብሎት አያውቅም።

አንድ እሑድ ታላቅ ውድድር ሆነ። ብስክሌተኛው በዚህ ውድድር ካልቀናው ቡድኑ ሊያሰናብተው ነው፤ ይህን አገር ያውቃል። ውድድሩ ገና ሳይጋመስ ውሃ የምታቀብለው የቡድኑ መኪና ተበላሸች። አሰልጣኙ በሰው ሞተር ተፈናጦ ቀድሞ ዳገቱ ላይ ደረሰና «የእሱ ወዳጅ ማነው?» ሲል ጠየቀ። ሁሉም ወደ አናጢው ጠቆመ። አሰልጣኙም አንድ ጠርሙስ ውሃ አስይዞት፣ «አባባ፣ ሲያልፍ እጁ ላይ ያድርጉለት፤ እዚህ ውሃ እንደሚጠብቀው ነግሬዋለሁ። ከዚህ ወዲያ እስከ ከተማው ድረስ የሚያቀብለው የለም» ብሎት ሌላ መኪና ሊፈልግ በረረ። አናጢው ታቦት እንደ ያዘ ቄስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ይሄኔ አንድ ልብስ ሰፊ ነገር ጫረ።

«ያንተ ሰው ሜዳ ላይ ይፈጥን እንደሆነ እንጃ፤ ለዳገት ግን ሳንባ የለውም!»

«ማነው ሳንባ የሌለው? እሱ?»

«እሱ ነዋ! ዳገት የሚያውቀው ያ ቀጭኑ ነው፤ ፍየል በለው። ያንተው ያን ሁሉ ሥጋ ተሸክሞ ሲወጣ ያሳዝነኛል።»

የአናጢው ደም ፈላ። በዚያ ሰፈር ክርክር ሲከር እንደ ጥንቱ ሙግት ነው፤ ተሟጋች መሀል ይገባል፣ ጋቢውን ያጣፋል፣ እጁን እያወናጨፈ ይናገራል፣ ሰዉም ክብ ሠርቶ ይፈርዳል። ጠርሙስ ይዞ እጅ ማወናጨፍ እንዴት ይሆናል? አናጢው ጠርሙሱን ድንጋይ ሥር አስቀመጠና ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ መሀል ገባ።

«በላ ልበልሃ!» አለ። «ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ያ ፍየልህ ማን ጀርባ ነው የሚደበቀው? የእኔው ሰው ጀርባ! የእኔው ነፋሱን ብቻውን ይጋፈጠዋል። ይሄን ዳገት ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ደግሞ ደጋግሞ ይወጣዋል!»

ሰዉ አጨበጨበ። «እሰይ! ረታ!» ተባለ። አናጢው እንዲያ ደስ ብሎት አያውቅም። የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነበር።

ወዲያው ከኋላው የጎማ ሽውታ ሰማ። ዞር ሲል ብስክሌተኛው አልፎታል። ቀጭኑንም ሌላውንም ጥሎ፣ አንደኛ ሆኖ፣ ብቻውን ነበር የመጣው። እጁ እንደ ተዘረጋ ባዶውን አለፈ።

አናጢው ጠርሙሱን አንስቶ «ውሃህን! ኧረ ውሃህን!» እያለ ሮጠ። ቁልቁለት ላይ ብስክሌት በእግር ይደረስበታል? ሰዉ ስቆበት ወደ ክርክሩ ተመለሰ። እሱ ግን መንገዱን ይዞ ወረደ። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች በአጠገቡ እያለፉ ሄዱ። ሄዶ ሄዶ ብስክሌተኛውን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ብስክሌቱ ተጋድሟል፣ እግሩ አልታዘዝ ብሎታል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። አጠገቡ ማንም አልነበረም።

ብስክሌተኛው ውሃውን ተቀብሎ ጠጣ። ሰውዬው ማን እንደሆነ እንኳ አላወቀም።

«አባባ፣ ዳገቱ ላይ ነበሩ?» አለው።

«ነበርኩ።»

«በዕድሜዬ እንደዚያ ወጥቼ አላውቅም። አዩኝ?»

አናጢው ሊዋሽ ፈለገ፤ አልሆነለትም።

«አላየሁህም ልጄ» አለ። «ስላንተ እያወራሁ ነበር።»

አናጢው ከድንጋዩ ጫፍ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ።

እንግዲህ ይርዳው፣ አናጢው አንተ ነህ። አትቆጣ! ለወዳጅህ መሟገትህን አልነቅፍም። ግን ጭብጨባው ለማን ደረሰ? ላንተ! ልሳነወርቅ በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት ቤት የተሰማ ጭብጨባ የለም። እሱ እጁን የዘረጋው ወዳንተ ነው፣ አንተ ደግሞ እሱን እያወደስክ ጀርባህን ሰጥተኸዋል። እስቲ ንገረኝ፣ ከታገደ ወዲህ ስንት ጊዜ ቤቱ ሄድክ?

በል ተነስ፣ ቤቱን መቼም አልረሳኸውም። ስትደርስ የት የት እንደተሟገትክለት እንዳትነግረው። «እንዴት ሰነበትክ?» በለውና አጠገቡ ቁጭ በል።