ከአጥር ማዶ የታየ ሽንኩርት

አንድ ዕድሜውን በሽንኩርት ማሳ የጨረሰ አዛውንት ነበር። ስሙ ጋሽ ደምሰው ነው። በዕድሜው አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ ለምን አንተ እንዳልኩት ታሪኩን ስጨርስ ይገባችኋል።

ጎረቤቱ ወይዘሮ አስካለ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። የልጇ የሰርግ ቀን ሲቆረጥ የድግሱን ሽንኩርት ከጓሮዬ አወጣዋለሁ ብላ ተነሳች። ከዚያ በፊት ሽንኩርት ተክላ አታውቅም። ችግኙን በእጇ ተከለች፣ አረመች፣ ኮተኮተች፣ ጠዋትና ማታ በባልዲ እየቀዳች አጠጣች። ወገቧ እስኪቆረጥ ለፋች። አባት የሌላት ልጅ ሰርግ ወጡ ሳሳ እንዳይባል ነበር ጭንቀቷ ሁሉ።

በአራተኛው ወር የሽንኩርቱ ቅጠል አንገቱ ላይ እየታጠፈ መሬት ላይ ተኛ። አስካለ የጠማው መስሏት ደነገጠችና ውሃውን እጥፍ አደረገችው። ጋሽ ደምሰው ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ያያታል። ሽንኩርት ቅጠሉ ሲተኛ ደርሷል ማለት እንደሆነ ያውቃል። ያኔ ውሃው ይቆማል፣ ቅጠሉ ሲደርቅ ይነቀላል፣ ከዚያም ጥላ ሥር ተበትኖ አንገቱ ሲደርቅ ነው የሚከማቸው። ይህን ለመንገር ከቆመበት መራመድ እንኳ አያስፈልገውም ነበር። እሱ ግን በርቺ፣ ሽንኩርትሽ ግሩም ይዟል ብሏት ወደ ቤቱ ገባ።

ያ ሁሉ ውሃ እያንዳንዱን ሽንኩርት ጡጫ የሚያክል አደረገው። አስካለ ከነእርጥበቱ ነቅላ በአራት ማዳበሪያ ጠቀጠቀችና ዕቃ ቤት ቆለፈችበት። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አደነቀ። ጋሽ ደምሰውም አንዱን አንስቶ በእጁ መዘን መዘን አደረገና መረቃት። አንገቱ ገና ለስላሳ እንደሆነ ጣቱ ነግሮታል። አሁንም ትንፍሽ አላለም።

ሰርጉ አራት ቀን ሲቀረው የሰፈሩ ሴቶች ቢላቸውን ይዘው ሽንኩርት ሊከትፉ ተሰበሰቡ። ማዳበሪያው ሲፈታ ሁሉም አፍንጫቸውን ያዙ። ሽንኩርቱ ገና ሲነኩት ጣት ያሰምጣል። ከአራቱም ማዳበሪያ አንድ ድስት የሚሞላ ደህና ሽንኩርት አልተገኘም። አስካለ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ የሻከሩ እጆቿን ታይ ጀመር።

ጋሽ ደምሰው ወሬውን ሰምቶ መጣ። ከንፈሩን መጠጠና፣ ቅጠሉ ከተኛ በኋላ ውሃ በዝቶበት ነው እያለ አሳምሮ ያስረዳ ጀመር። አሁን አፉ ተፈታ! አስካለ ቀና ብላ አየችው።

"ሳጠጣ ያዩኝ ነበር?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?"

"ምቀኛ እንዳትዪኝ ብዬ ነዋ። ደስ ብሎሽ ስትለፊ እንዴት ቅር ላሰኝሽ?"

"ጋሽ ደምሰው፣ ቢበዛ አንድ ሳምንት ባኮርፍዎት ነው። ሽንኩርቴ ግን ይተርፍልኝ ነበር።"

ከገበያ የምትገዛበት ገንዘብ ስላልነበራት ሴቶቹ በየቤታቸው ያለውን ሽንኩርት ለቃቅመው አመጡላት። አልበቃም። ወጡ ሳሳ፤ እንግዳውም እየወጣ አማት። ጋሽ ደምሰው ግን ከፊት ወንበር ተቀምጦ በልቶ፣ መርቆ ሄደ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ሰው ጨዋ ነው፣ ይሉኝታ ያውቃል፣ ሰው አያስቀይምም እያልን እናሞግሳለን። ምን ዓይነት ጨዋነት ነው ይሄ? የሰውዬው ጭንቀት ለገዛ ስሙ ነበር፤ የአስካለ ልፋት ቢበሰብስ ግድ አልነበረውም። እያወቀ ዝም ያለ ሰው የጥፋቱ ተካፋይ ነው፤ እያወቀ በርቺ ያለ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። እውነቱን ስትነግረው የሚቀየምህ ካለ ይቀየምህ፤ ነገ ይታረቅሃል።

እስቲ ዛሬ ከአጥርህ ማዶ ተመልከት። ቅጠሉ የተኛበትን ሽንኩርት እያጠጣ ያለ ሰው የለም? አንተስ ምን አልከው?