የፊታውራሪ ፎቶግራፍ

ፊታውራሪ ወንድይራድ የአውራጃ ገዥ ሳሉ፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ የውሃ ችግሩን ሲነግራቸው ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ይዟቸው ሲሄድ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ወዲያው ፎቶ አንሺውን አስጠሩት። ሰውየው ካሜራውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ዛሬስ አለቀልኝ እያለ ቀረበ።

«ያን ሁሉ ፊልም ስትጨርስ ውለህ፣ ዓይኔ የተከፈተበት አንድ ፎቶ አጣህ?» ብለው ጮኹበት። «ካለህ አሁኑኑ ይታተም፤ ከሌለህ ወህኒ ትወርዳለህ!»

ፎቶ አንሺው እጅ ነሳ።

«አንድ እንኳ አለኝ ጌታዬ። ዓይንዎ ፍጥጥ፣ ፊትዎም ፈካ ብሎ አምሮ ወጥቷል። አሽከርዎ ‹ምሳ ቀርቧል› ያለ ጊዜ ያነሳሁት ነው። እሱን ላሳትመው?»

ፊታውራሪ በእጃቸው የያዙትን ጋዜጣ ቀስ ብለው አጣጠፉት።

«ተወው» አሉ ሳቃቸውን እየዋጡ፤ «የተኛሁበት ይሻላል።»