ጀልባዋን የሰበራት ምንድን ነው?

አንድ ሰው ነበረ። ጀልባ ወደደ።

አትሳቂ ይርገዱ። አንቺ ስለ ሰው ጠየቅሽኝ፣ እኔ ስለ ጀልባ እመልስልሻለሁ። ሚስቱን የፈታ ሰው ላግባሽ ብሎኛል፣ ልቤም ወዶታል፣ ግን አንዴ ትዳሩ የፈረሰበት ሰው ይታመናል ወይ፣ ላግባው ወይስ ልተወው ነው ያልሽኝ። አልረሳሁትም። ብቻ ተማሪዬ ሳለሽ ተናግሬ ሳልጨርስ እጅሽን እንደምታወጪው ዛሬም እንዳታቋርጪኝ።

ይህ ሰው ከጣና ዳር፣ መኪና በማይገባበት መንደር የሚኖር ጀልባ ነጂ ነበር። አባቱ በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ታንኳ ይሠሩ ነበር፤ እሱ ግን ሞተር ያላት የብረት ጀልባ ነበረችው። አሮጌ ናት፣ ዘገምተኛ ናት፣ ግን ጤነኛ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያተኛውን ወደ ከተማ ይወስድባታል። በሌላው ቀን የታመመ ካለ የታመመ፣ ሙሽራ ካለች ሙሽራ ያሻግርባታል። ጉዞው ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

በዚያ መንደር ጤና ጣቢያ የለም። አንድ ክረምት ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ ሲሄድ መሃል ሐይቅ ላይ ወለደች። እናትም ልጅም በሰላም ወጡ፤ ልጁንም ማዕበሉ ብለው ስም አወጡለትና መንደሩ ሳቀ። ጀልባ ነጂው ግን አልሳቀም። ከእሷ በፊት የጫናት ወላድ ከተማ አልደረሰችም ነበር። መሪውን እንደያዘ ድምጿ እየደከመ ሲጠፋ የሰማው እሱ ነው።

እንግዲህ ፍጥነት ያላት ጀልባ ሲያይ ልቡ ለምን እንደሸፈተ ይገባሻል።

አንድ ቀን ሰው ጭኖ ወደ ከተማው ሲቃረብ አንዲት ነጭ ጀልባ በአጠገቡ አለፈች። አለፈች ማለት አይበቃትም፤ መጣች ሲሉ ሄዳለች። ጄት ጀልባ የሚሏት ናት። እንደሌሎቹ ከኋላዋ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከር ፕሮፔለር የላትም። ከሆዷ ሥር ውሃ ትስባለች፣ የሳበችውን በኋላዋ በኃይል ትተፋዋለች፣ በዚያው ተገፍታ ትበራለች። አንድ ባለጸጋ ለቱሪስት ብሎ ከውጭ ያስመጣት ነበረች። ጀልባ ነጂው ዓይኑ አብሯት ሲሄድ መሪውን ረሳው፤ ተሳፋሪዎቹ ጮኸው ባይነግሩት ኖሮ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ መንገዱን ሁሉ በጣቱ እያሰላ ገባ። ሦስቱ ሰዓት ወደ አርባ ደቂቃ ሊወርድ ነው! አርባ ደቂቃ ማለት ለወላድ ሴት ምን ማለት እንደሆነ አስቢው።

ምግብም አልበላ ሲል ሚስቱ «ምነው፣ ሌላ ሴት አየህ እንዴ?» አለችው።

«አዎ» አላት። «ነጭ ናት።»

ሁለት ዓመት አለፈ። ባለጸጋው ጀልባዋን ሊያስወግዳት ነው፣ ተበላሽታ በግቢው ዋርካ ሥር ቆማለች የሚል ወሬ ደረሰው። ያለ ምሳ ሄደ። ቀለሟ ደብዝዟል፣ ወንበሯ ተቀዷል፣ ዶሮ ተሳፍሮባታል። እሱ ግን የሚታየው ያን ቀን ያያት ነበረች። ጎኗን እየዳበሰ ሦስቴ ዞራት።

«ምንም የላትም፤ መቆም ነው የጎዳት» አለው ባለጸጋው። «እኔ አሁን ዓሣ የሚጭንልኝ ጀልባ ነው የምፈልገው። ያችን የብረት ጀልባህን ስጠኝና ውሰዳት። ጥገናው ያንተ ነው።»

ነገሩ ቀላል እንዳይመስልሽ። ያቺ ዘገምተኛ ጀልባ የመንደሩ እግር ነበረች። እሷን ሰጥቶ ነጯ ብትቆምበት መንደሩ በሙሉ ሽባ ሆነ ማለት ነው። ቀጥሎ ምጥ የሚይዛት ሴት በቃሬዛ፣ ቀኑን ሙሉ በሰው ትከሻ ልትሄድ ነው።

መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። ሽማግሌዎቹ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው» አሉት። ወጣቶቹ ደግሞ ዛሬውኑ አምጣት ብለው ቀወጡት። ወጣቶቹ አንድ የሚያኮራ ክርክር ነበራቸው። እምቦጭን ታውቂዋለሽ፤ ሐይቁን የወረረው ያ አረም ነው። የጀልባ ነጂ ሁሉ እርግማን በዚያ ዘመን በፕሮፔለር ላይ ነበር፤ እምቦጩ ይጠመጠምበትና ጀልባውን መሃል መንገድ ላይ ያስቀራል። «ይቺ ግን ፕሮፔለር የላት፤ በምኗ ይጠመጠማል?» አሉ። 

ጀልባ ነጂው ከከተማ መካኒክ ይዞ ወደ ባለጸጋው ግቢ ሄደ። መካኒኩ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲፈታታ ቆየና እጁን እየጠረገ ተነሣ። ዘንጓ የሚዞርበት ኩሽኔታ ተበልቷል፣ የሞተሯን ክዳን የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ውሃ የምትስብበት ፓምፕ ተፍቋል፣ አለ። «ሁሉም ግን ይጠገናል። አንዲት ጊደር ብትሸጥ ይበቃሃል።»

ይጠገናል! ሰውየው መካኒኩን በዘይቱ ሊያቅፈው ምንም አልቀረው። ባለጸጋውም እጁን ዘረጋ፤ እሱም ሊጨብጠው ዘረጋ።

እዚያ ላይ ነው እጁን መለስ ያደረገው። አባቱ ትዝ አሉት። ያገለገለ ታንኳ ሊገዙ ሲሄዱ ሌላው ሰው ከላይ ሲያደንቅ አባቱ ታንኳውን አቁመው ሆዱን ነበር የሚያዩት። ደንገሉ ከሥር ከበሰበሰ ባለቤቱ ከውሃ አያወጣውም ነበር ማለት ነው። ጎኑ ከተተለተለ ድንጋያማ ዳር ላይ ያስጠጋው ነበር ማለት ነው። «የበሰበሰውን አዲስ ደንገል አስገብቼ እጠግነዋለሁ» ይሉ ነበር አባቱ፤ «ያበሰበሰውን ግን ካላወቅሁት በምን እጠግነዋለሁ?»

ሰውየው ወደ መካኒኩ ዞረ። «የተሰበረውን ነገርከኝ። የሰበረውስ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ» አለ መካኒኩ። «የምጠግን ሰው ነኝ።»

ባለጸጋውን ጠየቀው። «አልኩህ እኮ፤ መቆም ነው» አለ፣ ዓይኑን ወደ ዋርካው እየመለሰ።

«እንግዲያው በጎኗ እናስተኛትና ሆዷን ልይ» አለ ጀልባ ነጂው።

ስምንት ሰው ተጠርቶ አስተኟት። ሰውየው ተንበርክኮ ውሃ በምትስብበት አፍ እጁን ሰደደ። የሆነ ነገር ያዘና ጎተተ። የደረቀ ሥር ወጣ። ደግሞ ጎተተ፤ ደግሞ ወጣ። እንደ ኮርቻ ገለባ ተጠቅጥቆባታል። ክምሩ ጉልበቱ ጋ እስኪደርስ ጎተተ። እምቦጭ ነው።

ባለጸጋው ምን ያድርግ፤ አንገቱን ደፋ። «ፕሮፔለር የላትም፣ አይጠመጠምባትም ብለን አረም ወደበዛበት ወደ ሰሜኑ ዳር ወሰድናት» አለ። «እውነትም አልተጠመጠመባትም፤ ጠጣችው። አፏ ሲደፈን ሞተሯ የሚቀዘቅዝበት ውሃ አጣና ጋለ። አንድ ጊዜ አስጠግነናታል። መልሰን እዚያው ከተትናት፤ እዚያው ቆመች።»

ሽማግሌ ቢኖር ኖሮ እዚህ ላይ «አላልንህም?» ይል ነበር። አንቺንም ቅር ሲልሽ ፊትሽ ላይ አየሁ። የጀልባ ነጂው ደስታ ግን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። «ገና አሁን አወቅኋት» አለ። «በሽታዋ ከውሃው ነው የመጣባት። ስለዚህ እሷን አይቼ ጨርሻለሁ። የቀረኝ የራሴን ውሃ ማየት ነው።» ሳይጨባበጥ ወጣ።

በማግስቱ በዘገምተኛዋ ጀልባ ብቻውን ሆኖ ከከተማው ወደብ ጀምሮ መንገዱን በሙሉ እያየ ተመለሰ። የወደቡ ውሃ ንጹሕ ነው። መሃሉም ንጹሕ ነው። በየወሽመጡ እየገባ ቢፈልግ አንዲት ቅጠል አጣ። ዘፈን ጀመረ። ዘፈኑን ሳይጨርስ ከገዛ መንደሩ ደረሰ፤ ጀልባውን ሃያ ዓመት ካሰረበት ጥግ ሲጠጋ የእምቦጩ ሐምራዊ አበባ ተንጣሎ ጠበቀው።

ከበቀለ ሁለት ክረምት ሆኖታል። በየቀኑ ያየው ነበር፤ ዳር ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ በመቅዘፊያ ስለሚጠጋ ግን አስቸግሮት አያውቅም። ልጆቹ እየቀጠፉ ጸጉራቸው ላይ ሲሰኩት «እንዴት ያምራል» ብሎም ያውቃል። በሰው ዳር ሲያየው አረም ነው፤ በራሱ ደጅ ግን አበባ መስሎት ኖሯል።

ሰውየው ጀልባው ላይ ቁጭ ብሎ በራሱ ሳቀ። ከዚያ ወጥቶ መንደሩን ጠራ። «ጀልባዋን ልወስዳት ነው» አላቸው። «ከማምጣቴ በፊት ግን ይህ ይነቀል።» ወንዱም ሴቱም እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገባ። የማዕበሉ እናት ልጇን ለባሏ አስይዛ ገባች። አምስት ቀን ነቀሉ፤ እየነቀሉ ርቆ ካለ ደረቅ መሬት ላይ አሰጡት። አንድ ሽማግሌ «ልፋ ያለው፤ ተመልሶ ይበቅላል እኮ» አሉ። «ይበቅላል አባባ» አለ ጀልባ ነጂው። «እኛም ሰኞ ሰኞ እየገባን እንነቅለዋለን።»

በስድስተኛው ቀን ሄዶ ባለጸጋውን ጨበጠው። ጊደሯን ሸጠ። መካኒኩም በወሩ ጨረሰ።

ያን ቀን ብታይ! ነጯ ጀልባ ከከተማው ወደብ ተነሥታ አርባ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ የመንደሩ ዳር ደረሰች። ሰው ሁሉ ዳር ወጥቶ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ካሉት ሽማግሌዎች አንዱ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ ዙር ዞሩ፤ ጋቢያቸው በስብሶ ሲወርዱ ሰው ይናደዳሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ ወደ ጀልባ ነጂው ጠጋ ብለው «እስቲ አንዴ ድገመኝ» አሉት። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር መሃል ሐይቅ ላይ የወለደች የለችም። ሰኞ ሰኞም ዛሬ ድረስ ይነቅላሉ።

አየሽ ይርገዱ? አንቺም እስካሁን መካኒክ ስትሰበስቢ ነው የከረምሽው። አክስትሽ ግትር ነው አለችሽ፣ ጎረቤት ሥራ እንጂ ቤት አያውቅም አለሽ። አንቺም ይጠገናል ወይ ብለሽ ወደ እኔ መጣሽ። ግትርነት ይጠገናል። ይህ ሁሉ የጊደር ዋጋ ነው። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። የመጀመሪያ ትዳሩን ያፈረሰው ምንድን ነው? ጠይቄዋለሁ፣ ነግሮኛል አልሽኝ። «ስንጣላ እሷም ዝም፣ እኔም ዝም። ቀድሞ የሚናገር ጠፋ። በአንድ ቤት ሁለት ዓመት ዝም ተባብለን ተለያየን» ነው ያለሽ። ይህን ስሰማ ሰውየውን ወደድኩት። ያን ባለጸጋ እውነቱን ያናገረው ስምንት ሰው ነው፤ ይህ ያንቺ ሰው ግን በገዛ እጁ ሆዱን ገልብጦ አሳይቶሻል። የራሱን ዳር መንቀል የእሱ ፋንታ ነው፤ ጀምሮ እንደሆነ ታዪዋለሽ።

አንቺ ግን የራስሽን ውሃ እይ። አራተኛ ክፍል ሳለሽ እርሳሴን ወሰደች ብለሽ ከአጠገብሽ ከምትቀመጠው ልጅ ጋር አንድ ወር አልተነጋገርሽም፤ ቦታ የቀየርኳችሁ እኔ ነኝ። ዘንድሮ ከእህትሽ ጋር በፋሲካ ተቀያይማችሁ የታረቃችሁት በሰኔ ነው። ሰው ግን ይርገዱ ጨዋ ናት፣ አፏን አትከፍትም ይልሻል። አንቺም ደስ ይልሻል፤ ጸጉርሽ ላይ ትሰኪዋለሽ።

አታግቢው አላልኩም። ጀልባ ነጂው ጀልባዋን ወስዷታል፤ መንደሩንም አሳርፏል። ብታገቢው ሠርግሽ ላይ እኔም እጨፍራለሁ፣ ጉልበቴን ተይው። ግን መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ግቢ፤ ከገባሽም በኋላ ሰኞ ሰኞ አትቅሪ።

ምነው ዝም አልሽ? ተቀየምሽኝ? ይኸው፣ አንዱ ሥር ብቅ አለ። ንቀይው ልጄ፤ ተናገሪኝ።