የተቀመጠው ዘበኛ

አቶ ዘውገ ሥራ አስኪያጅ ሳሉ መኪናቸው ብቅ ሲል ግቢው ሁሉ ብድግ ይል ነበር። ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ወር ግን ስልካቸው እንኳ መጮህ ተወ። ቤት መዋሉ ሲያንገሸግሻቸው ከረባታቸውን አሰሩና የሰፈሩ ጡረተኞች በቆርኪ ዳማ ወደሚጫወቱበት ዛፍ ጥላ ወረዱ።

ከተጫዋቾቹ አንዱ የቀድሞ ዘበኛቸው ነበር። ሌሎቹ «ኖር!» እያሉ ሲነሱላቸው እሱ ቆርኪውን እየገፋ «እንደምን ዋሉ?» ብቻ አላቸው።

አቶ ዘውገ ደማቸው ፈላ። ወንበር ቢለቀቅላቸውም አልቀመጥ አሉ።

«አንተ! ሃያ ዓመት ሙሉ ገና ክላክሴን ስትሰማ ዘለህ ትነሳ አልነበር? ዛሬ ምን ነካህ? አንተ ሳትነሳልኝማ እኔ እዚህ አልቀመጥም!»

ጨዋታው ቆመ። ሁሉም ዘበኛውን ያይ ጀመር።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፣ ሃያ ዓመት ተነስቼልዎታለሁ» አለ ዘበኛው፣ ከመቀመጫው ንቅንቅ ሳይል። «ግን አንድ ቀን እንኳ ‹በእግዜር፣ ተቀመጥ› ብለውኝ አያውቁም። ተቀመጥ ያለኝ ጡረታ ነው። ይኸው እርስዎንም ይቀመጡ ብሎዎታል፤ ታዲያ ለማን ብለው ነው የቆሙት?»