ውሃ ሲነካው የጮኸው ቢላዋ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ አገሩን ዞሮ ባላየበት በአንድ ክፉ ዓመት፣ አያ ጅቦ ከሚስቱ ከእመት ጅቢትና ከሦስት ልጆቹ ጋር ገደል ሥር ይኖር ነበር። አያ ጅቦ ሆዳም ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ቂልነቱም እንደዚያው። ግን አደራ፣ ቶሎ አትፍረዱበት። ሆዳም ልጆቹን አይወድም ያለው ማን ነው?

በዚያ ዓመት አንበሳ ሊደግስ አሰበና አዋጅ አስነገረ።

«ድግሱ ሦስት ቀን ነው። የተቀመጠ ሁሉ በሦስተኛው ቀን ለቤቱ የሥጋ ድርሻ ይዞ ይሄዳል። ታዲያ በጥርስ እየዘነጠሉ መብላት ከእንግዲህ ቀርቷል። የራሱን ቢላዋ ያልታጠቀ ድግሴ ላይ አይቀመጥም!»

አዋጁ ለማን እንደተነገረ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። ባለፈው ዓመት አያ ጅቦ የሦስት እንግዳ ድርሻ ከተንጠለጠለበት ጠፍር ጋር ውጦ አንበሳን አሳፍሮት ነበር።

ሌላው አውሬማ ባዶ ወገቡን ከቤት አይወጣም። ጦጣ እሾህ የምታወጣበት ወረንጦ ከትንሽ ስለት ጋር በአንገቷ፣ ዝንጀሮ ሥር የሚቆርጥበት ሰንጢ በጉያው፣ ቀበሮ ቀጭን ካራ በወገቧ ይዘው ነው የሚዞሩት። አያ ጅቦ ግን «ጥርስ እያለኝ ብረት ምን ያደርግልኛል?» እያለ ሲስቅባቸው ኖረ። አሁን መሳቂያው እሱ ሆነ።

«ልጆቹን እያቸው እስቲ፣» አለችው እመት ጅቢት። «የጎን አጥንታቸው ይቆጠራል። ያለዚህ ድግስ ክረምት አይደርሱልንም። በል ተነስና ቢላዋ አሠራ!»

አያ ጅቦ ቤቱ ውስጥ አንዲት ብረት ነበረችው፤ እርሻ መሃል ወድቃ ያገኛት ስባሪ ማረሻ። አጥንት መስላው ነክሷት አንድ ጥርሱን አስወልቃዋለች። ቢሆንም «ብትቆይ ትለሰልስ ይሆናል» ብሎ አስቀምጧት ነበር። እሷን በአፉ ይዞ ወደ አባ ጃርት ወረደ።

አባ ጃርት የአገሩ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። ወንዝ ዳር ካለው ዋሻቸው ወናፋቸውን ሲያናፉ ይውላሉ። በየአውሬው ወገብ ላይ ያለው ስለት ሁሉ የእጃቸው ሥራ ነው። ማረሻዋን ገልበጥ አድርገው አዩና የአያ ጅቦን መዳፍ በሰንበሌጥ ለኩ።

«ወገቤን ይለኩ እንጂ አባ ጃርት!» አለ አያ ጅቦ። «የምታጠቀው በወገቤ አይደል?»

«የቢላዋ ልኩ መዳፍ ነው ልጄ። ከመዳፍ ያለፈ ቢላዋ ለባለቤቱ አይታዘዝም። ከዚህች ማረሻ አንድ ስንዝር፣ ጀርባው ወፈር ያለ፣ ደህና ቢላዋ ይወጣል። ከነገ ወዲያ ና።»

አያ ጅቦ ደስ ብሎት ሲመለስ እመት ቀበሮ መንገድ ላይ አገኘችው። እመት ቀበሮ ደግሞ ከድግሱ ላይ የተባረረ ድርሻው ከጎኑ ለተቀመጠ እንደሚተርፍ ታውቃለች። ከአያ ጅቦ ጎን የምትቀመጠው ማን መሰላችሁ? እሷው ናት።

«ቢላዋ እያሠራህ ነው አሉ፣ እሰይ!» አለችው። «ስንት ስንዝር ነው?»

«አንድ።»

«አንድ?» ብላ ደረቷን መታች። «አይ አያ ጅቦ፣ አታለሉህ! አንድ ስንዝር ቢላዋ አንድ ስንዝር ሥጋ ነው የሚቆርጠው። አራት ስንዝር ብታሠራ አራት ስንዝር ትቆርጥ ነበር። እንግዲህ የልጆችህ ነገር ነው፤ እኔ ምን አገባኝ!»

የልጆቹ ስም ሲነሳ አያ ጅቦ ከመንገዱ ዞረ። እመት ቀበሮ ነግራው ሳትጨርስ ወደ ወንዙ ፈረጠጠ።

«ያስረዝሙት!» አለ ገና ሳይደርስ። «አራት ስንዝር ያድርሱልኝ!»

«ብረቱ ያው ነው፣» አሉት አባ ጃርት ላባቸውን እየጠረጉ። «ሲረዝም ይሳሳል።»

«ይሳሳ! እኔስ ሳስቼ አይደል የምኖረው?»

አባ ጃርት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ብረቱ የሱ ነው፤ እምቢ ማለት አይችሉም። እያጋሉ ሲቀጠቅጡ፣ እየቀጠቀጡ ሲያጋሉ ከርመው ማረሻዋን አራት ስንዝር አደረሷት። አያ ጅቦ ሊወስድ በመጣ ቀን የመጨረሻው ሥራ ብቻ ነበር የቀረው። ብረቱን እንደ በሰለ ቲማቲም እስኪቀላ አጋሉትና በጉጠት ይዘው ውሃ ጋን ውስጥ ሊነክሩት ጫፉን አስነኩት።

ጭስስስስ!

«ኧረ የአውሬ ያለህ!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ። «ቢላዋዬን ገደሉብኝ!» ዘሎም ጉጠቱን ከእጃቸው መነጨቀና ብረቱን ትኩስ አመድ ላይ አስተኛው።

«ምን ነካህ አንተ?» አሉት አባ ጃርት። «የጋለ ብረት በውሃ ካልደነገጠ አይጠነክርም! የሰማኸው የመጠንከሩ ድምፅ ነው። አመድ ላይ ቀስ ብሎ የበረደ ብረት ልፍስፍስ ይሆናል።»

«የእርስዎ ልጅ እንዲያ ቢጮህ ዝም ይሉ ነበር?»

አባ ጃርት ጉጠታቸውን ከመሬት አነሱ። ብዙ ሞኝ አይተዋል፤ ለብረት ያዘነ ሞኝ ግን አይተው አያውቁም። አያ ጅቦም ቢላዋው አመድ ላይ እስኪበርድ እንደ ሕፃን ሲያባብለው ቆየና ታጥቆት ሄደ።

የድግሱ ቀን ደረሰ። አያ ጅቦ ቢላዋውን ታጥቆ ሲገባ አፎቱ መሬት እየጠረገ፣ በኋላ እግሮቹ መሃል እየገባ ሁለት ጊዜ ጣለው። አውሬዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። እሱ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ከእመት ቀበሮ ጎን ተቀመጠ።

በአንበሳ ግቢ፣ አጥሩ መሃል የሰባ በሬ ተሰቅሏል። ተራው ሲደርስ አያ ጅቦ አራት ስንዝሩን ቢላዋ መዞ የበሬው ታፋ ላይ አሳረፈና ገፋ። ቢላዋው እንደ ጎመን ቅጠል ጠወለገ። ገልብጦ ሞከረ፤ በወዲያ በኩልም ታጠፈ። በሬው ላይ ጭረት እንኳ አልወጣበትም።

«ጌታዬ አንበሳ፣» አለች እመት ቀበሮ፣ «ይህ ነገር ቢላዋ ነው ወይስ መቀነት?»

ይህን ጊዜ ድግሱ በሳቅ ፈረሰ። ዝንጀሮ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። አንበሳ ብቻ አልሳቀም።

«አያ ጅቦ፣ አዋጅ አዋጅ ነው፣» አለ። «የሚቆርጥ ቢላዋ ይዘህ ካልመጣህ አትቀመጥም። ውጣ።»

አያ ጅቦ ወጣ። ወደ ቤቱ መሄድ ግን አልቻለም፤ ሦስቱ ልጆቹ በር ላይ ቆመው እጁን እንደሚያዩ ያውቃል። አጥሩን ተደግፎ እውነቱን አለቀሰ። አንጀቱን ያሳረረው ረሃቡ ሳይሆን ኀፍረቱ ነበር።

ከአጥሩ ውጭ አባ ጃርት ቁጭ ብለው አያቸው። ፊታቸው ክምር ቢላዋ አለ፤ የእንግዶቹን የደነዘዘ ስለት በሞረድ እየሳሉ ወደ ውስጥ ይልካሉ። አያ ጅቦ የታጠፈውን ብረት እግራቸው ሥር አኖረው።

«አባ ጃርት፣ እኔ ቂል ነኝ፣» አለ።

አባ ጃርት «አልነገርሁህም?» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉትም። ብረቱን አነሱና «ወናፍ መንፋት ትችላለህ?» ብለው ብቻ ጠየቁት።

ሁለቱም ወደ ወንዙ ወረዱ። ያን ቀንና በማግስቱ አያ ጅቦ ዓይኑ በጭስ እስኪቀላ ወናፉን ነፋ። አባ ጃርት ረጅሙን ብረት አጥፈው፣ ደርበው፣ ቀጥቅጠው አንድ ስንዝር አደረጉት። ትንፋሽ ለመውሰድ አረፍ ባሉበት አያ ጅቦ ጠየቃቸው።

«እርስዎ ለምን ከአጥሩ ውጭ ነው የሚቀመጡት? ድግሱ ውስጥ ያለው ቢላዋ ሁሉ የእርስዎ አይደል?»

«ቀጥቃጭ ከእኛ ጋር አይቆርስም ይላሉ። ለምን ስላቸው ደግሞ የጀርባህ ወስፌ ይወጋናል ይሉኛል። አባቴም ውጭ ነበር የተቀመጠው። እኔም ለመድሁት።» ከዚያ መዶሻቸውን አነሱ። «ለመድሁት ማለት ግን አይከፋኝም ማለት አይደለም» አሉ።

 አያ ጅቦ ወናፉን በርትቶ ነፋ።

ብረቱ እንደገና ቀላ። አባ ጃርት ጉጠቱን አነሱና አያ ጅቦን አዩት። «አሁንስ?» አሉት። አያ ጅቦ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፈነ፤ ዓይኑንም ጨፈነ። ጭስስስስ! አለ ብረቱ። «አይዞህ፣ አይዞህ፣ ጨርሰሃል!» እያለ አያ ጅቦ አብሮት ጮኸ። እውነቴን ነው፣ ከብረቱ ይልቅ የተሠቃየው እሱ ነበር። ከውሃው ሲወጣ ቢላዋው ጥቁር፣ አጭር፣ መልክ የሌለው ነገር ነው። አባ ጃርት በሞረድ ሳሉት፣ የወይራ እጀታ ገጠሙለትና ከአያ ጅቦ ጀርባ አንዲት ጠጉር ነቅለው ስለቱ ላይ ጣሏት። ለሁለት ተቆረጠች።

በሦስተኛው ቀን አያ ጅቦ ተመልሶ ገባ፤ አባ ጃርትም ሞረዳቸውን ይዘው ከአጥሩ ውጭ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ለየቤቱ ከተለየው ድርሻ ሌላ ከበሬው የቀረው አንድ ሁሉም ሞክሮ የተወው ጅማታም ታፋ ነበር። እመት ቀበሮ ትንሹን ጥቁር ቢላዋ አይታ «ደግሞ ምን ጉድ አመጣ?» ብላ ገና መሳቅ ስትጀምር፣ ቢላዋው ጅማቱን ሰንጥቆ አለፈ። አያ ጅቦ እጁ ላይ የወፈረ ቁራጭ ሥጋ ቀረ።

በዚያ አገር አዲስ ቢላዋ መጀመሪያ የቆረጠውን ባለቤቱ አይበላውም፤ ከሁሉ አብልጦ ለሚያከብረው ያጎርሰዋል። ሁሉም ወደ አንበሳ ዞረ። አንበሳም የሚያጎርሱት እሱን መሆኑን አልተጠራጠረም፤ አፉን ከፈተ።

አያ ጅቦ ሥጋውን አየው። ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰም። ምራቁ ተንጠባጠበ፤ እጁ ወደ አፉ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። በመጨረሻ ተነሳና አንበሳን አልፎ፣ የአጥሩን በር አልፎ ወጣ።

«አባ ጃርት፣ ይጉረሱ!» አለ።

«ተው ልጄ! ንጉሡ እያየ...»

«በሞቴ! ቶሎ ይጉረሱ እንጂ፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ!»

አባ ጃርት ጎረሱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰውን ቢላዋ ሲስሉ ኖረዋል፤ በሳሉት ቢላዋ የተቆረጠ ግን አንድም ቀን ያጎረሳቸው አልነበረም። እያኘኩ እንባቸው ወረደ።

አንበሳ የከፈተውን አፉን ዘጋ። ወገቡ ላይ ያለውን ካራ ዝቅ ብሎ አየው፤ የማን ሥራ እንደሆነ ያውቃል። ሌሎቹም የየራሳቸውን አዩ። 

«አባ ጃርት፣ ወደ ውስጥ ይግቡ፣» አለ አንበሳ ቀስ ብሎ። «ቦታ ልቀቁላቸው።»

«ጌታዬ፣ ወስፌያቸው ይወጋናል እኮ!» አለች እመት ቀበሮ።

«ከእኔ ጎን ይቀመጡ፣» አለ አያ ጅቦ። «የእኔ ቆዳ ወፍራም ነው። አንቺ እልፍ በይ።»

አባ ጃርት ገብተው ከጎኑ ተቀመጡ። ሲቀመጡ ወስፌያቸው ጎኑን ወጋ አደረገው፤ አያ ጅቦ ከንፈሩን ነከሰ እንጂ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የልጆቹን ድርሻ ተሸክሞ ወደ ገደሉ ወረደ። መንገድ ላይ ሥጋውን አንድ ጊዜ ልሶታል፤ መዋሸት አልችልም። አንዲት ጉርሻ ግን አልቀነሰበትም።

ከዚህ የምንማረው፣ እሳቱንና ውሃውን ያልታገሠ ብረት እንደማይቆርጥ፣ በእጁ ሥራ እየቆረሱ ባለሙያውን ከማዕድ ማራቅም ነውር መሆኑን ነው።