ሁሉም የቀለበው ሰንጋ

አንድ ሰንጋ አድላቢ ነበር፤ ደርበው ይባላል። በሚኖርባት ትንሽ ከተማ ሃያ አባወራዎች በየዓመቱ ለፋሲካ ቅርጫ ይገባሉ። ሁዳዴ ሲገባ አንድ በሬ በጋራ ገዝተው ለደርበው ያስረክቡታል፤ እሱም ሃምሳ አምስቱን ቀን ቀልቦ ያደልበዋል። በፋሲካ ማለዳ በሬው ይታረዳል፣ ሥጋው ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይከፈላል፣ ዕጣ ይጣልበትና ሰው ሁሉ ድርሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። የደርበው አባትም ዕድሜውን ሙሉ ይህንኑ ሲሠራ ነው የኖረው። ደርበው መሬቱ ትንሽ፣ ንግግሩም ትንሽ ነበር፤ በከተማዋ ውስጥ የሚያስከብረው ነገር ቢኖር ይህ አንድ በሬ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ግን ስሙ ጎደፈ። ሰው ሁሉ ቁርጡን በአዋዜ እያጣቀሰ ከጨረሰ በኋላ አንዱ ጥርሱን እየጎረጎረ «ሥጋው አተላ አተላ አይላችሁም?» አለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማንም ምንም አልሸተተውም ነበር። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን ያልሸተተው ሰው አልተገኘም! ደርበው የጠላ አተላ የሰጠው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ እንደሆነ ቢምል ቢገዘት የሚሰማው ጠፋ። የቅርጫው ሰዎችም «ዘንድሮ የመጨረሻህ ነው፤ ሥጋው ካላማረ በሬውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን» ብለው እቅጩን ነገሩት።

ስለዚህ ዘንድሮ ቡሬ የሚባለው በሬ ግቢው ሲገባ ደርበው እንደ አራስ ነበር የተቀበለው። ከአባቱ የተማረውን ሥርዓት አንድ በአንድ አሰበ። መጀመሪያ ገለባና ድርቆሽ ብቻ፣ ከዚያ ፉርሽካ በጣሳ፣ በየአራት ቀኑ ትንሽ ጨመር እያደረጉ፣ መጨረሻ ላይ ከኑጉ ዘይት ተጨምቆ የሚቀረውን ፋጉሎ በእፍኝ። የበሬ ሆድ አዲስ ምግብ የሚለምደው ቀስ ብሎ ነው። በልኩ የተቀለበ በሬ ሥጋው ይለሰልሳል፣ ጮማው ነጭ ሆኖ በሥጋው መሀል ይገባል። ያለ ልክ የጎረሰ እንደሆነ ግን ሆዱ ይኮመጥጣል፣ ጉበቱ ይበላሻል፤ ሥጋውም ይጠቁራል። ደርበው ይህን ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም «እምቢ» ማለት ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አቶ ወንዳፍራሽ ግማሽ ጆንያ ፉርሽካ አሸክሞ መጣ። በሬውን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ደርብ፣ ይሄ በሬ አንገቱ ቀጥኗል።»

«ኧረ ጋሼ፣ ገና ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ቀስ ብዬ ነው የማስለምደው።»

«ቀስ ብለህ እስክታስለምድ ፋሲካ ያልፋል። ጮማ የሚያመጣው የእኔ ፉርሽካ ነው፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። በፋሲካ ቀን ቁርጡን ስትጎርሱ ታስታውሱኛላችሁ!» አለና ጆንያውን እገንዳው ላይ ገለበጠው።

የደርበውን እህል ወንዳፍራሽ ያለ ወረፋ ነው የሚፈጭለት። እንዴት ብሎ ይመልሰው? ሰውየው እስኪሄድ ጠብቆ ፉርሽካውን ከገንዳው ማፈስ ጀመረ፤ ቡሬ ግን አጋምሶት ነበር።

በማግስቱ ጠላ ሻጯ ወይዘሮ ትርንጎ በባልዲ አተላ ይዘው ገቡ። የፉርሽካው ወሬ ሰፈሩን አዳርሶ ኖሯል።

«እትዬ፣ እባክዎን፣ አተላውን ይተዉልኝ። ባለፈው ዓመት ሸተተ ተብዬ ስንት ነገር ሰማሁ።»

«የእኔ አተላ ነው የሸተተው? አንተ ደርበው! የማን ቤት አተላ አምጥተህ እንደሆን አንተ ታውቃለህ። የእኔ ብቅል የታጠበ፣ ጌሾዬ የተለቀመ ነው። ሥጋ የሚለሰልሰው በአተላ ነው፤ በዚያ ሰውዬ አቧራ አይደለም» አሉና ባልዲውን ደፉት።

የደርበው ሚስት ስትወልድ አዋላጇ እሳቸው ነበሩ። ደርበው ባዶውን ባልዲ አጥቦ መለሰላቸው።

ሦስተኛው የዘይት መጭመቂያው ባለቤት አቶ ገብረየስ ነበር፤ የደርበው ልጅ የክርስትና አባት ነው። «ፉርሽካ ሆድ ይነፋል፣ አተላ ውኃ ነው፤ ሥጋ ወዝ የሚያገኘው ከፋጉሎ ነው» አለና ሁለት ትልልቅ ድፍን ፋጉሎ ሰባብሮ ጨመረ። ደርበውም «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። እግዜር ይስጥልኝ! እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል?

በሚቀጥሉት ሳምንታት ግቢው የሦስት የቅርጫው ሰዎች መመላለሻ ሆነ። ሦስቱ እርስ በርሳቸው አይተያዩም፤ አንዱ ሌላው ያፈሰሰውን ሲያይ ግን የራሱን እጥፍ አድርጎ ይመለሳል። ደርበው ገበያ ሲሄድ ይመጣሉ፤ ቅዳሴ ሲሄድ ይመጣሉ። መጀመሪያ ላይ ቡሬ በጣም አማረበት፤ ሻኛው ቆመ፣ ጀርባው ሰፋ። ያን ጊዜ መንገደኛው ሁሉ አጥር እየተደገፈ ማድነቅ ጀመረ። ወንዳፍራሽ «ፉርሽካዬ ነው» ይላል። ትርንጎ «አተላዬ ነው» ይላሉ። ገብረየስ «ወዙን አያችሁ? ፋጉሎዬ ነው» ይላል። በየማለዳው እየተነሣ ገለባውን የሚያበጥረውን፣ ጨው የሚያልሰውን፣ በሰዓቱ ውኃ የሚያጠጣውን ደርበውን ያነሣው አልነበረም።

ደርበው ጠዋት ጠዋት እበረቱ በር ላይ ቆሞ የሚናገረውን ይለማመዳል። «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያለ እኔ ፈቃድ አንድ እፍኝ እንዳይገባ!» ይላል ድምፁን ጎላ አድርጎ። የሚሰማው ቡሬ ብቻ ነው። ሰዎቹ ሲመጡ ግን «ኖር» ብሎ ይቀበላቸዋል። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ላይ ይጮኻል፤ እሷም «እኔ ምን አደረግሁህ? ሂድና ለእነሱ ተናገር» ትለዋለች። እውነቷን ነበር፤ እውነቷን በመሆኑ ደግሞ የባሰ ይናደዳል።

በሰሞነ ሕማማት ቡሬ ገለባ መብላት ተወ። ማመስኳቱም ቀነሰ። ደርበው ነገሩ ገባው፤ የበረቱን በር በእሾህ ለመዝጋት አስቦ እሾሁንም ቆርጦ አመጣ። ከዚያ «እትዬ ትርንጎ ይህን ቢያዩ ምን ይሉኛል?» አለና እሾሁን ከአጥሩ ሥር አጋደመው። የስቅለት ዕለት በማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ ዋለ። ሦስቱም ወደ ስግደቱ ከመሄዳቸው በፊት ተራ በተራ ብቅ ብለው «በዓሉ ደረሰ፣ የመጨረሻዋን ልጨምርለት» እያሉ ገንዳውን ሞልተውት ሄደዋል።

ደርበው ሲመለስ ቡሬ ተጋድሟል። ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ደርበው እየሮጠ ሄዶ ሽማግሌውን አራጅ ጋሽ ባንትይርጉን ጠራ። ሽማግሌው ዘይት አጠጡት፣ ጎኑን አሹት፣ እየገፉ አስነሥተው አዘዋወሩት። ብዙ ከለፉ በኋላ ቡሬ አገሳና ትንፋሹ ተመለሰ። እስከ ፋሲካ ሕይወቱ ቆየች፤ ግን ከዚያ ወዲያ ምንም ዓይነት መኖ አልቀመሰም።

በፋሲካ ማለዳ ሃያው አባወራ ቢላውን ስሎ ተሰበሰበ። ሰው ሁሉ ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ነውና ዓይኑ ከበሬው ላይ አልነቀል አለ። ጋሽ ባንትይርጉ አረዱት፣ ገፈፉት። ሥጋው ጠቁሮ እጅ ላይ ይጣበቃል። ጮማ የተባለው ከስቶ ቀጭን ስስ ነገር ሆኗል። ጉበቱን ሲያወጡት መግል የቋጠረ እብጠት ሞልቶታል፤ ሽማግሌው ለውሻ ወረወሩት። ከዚያ ቢላቸውን ጠርገው «ይህን ሥጋ በጥሬው የሚቀምስ እንዳይኖር። በደንብ ቀቅላችሁ ወጥ አድርጉት» አሉ።

የፋሲካ ቁርጥ ቀረ ማለት ነው። ግቢው በጩኸት ተናወጠ። ሰው ሁሉ ወደ ደርበው ዞረ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የጮኸው ደግሞ ማን መሰላችሁ? ወንዳፍራሽ ነው።

«ደርበው! በሬውን ምን አበላኸው?»

«ምን አበላሁት? እርስዎ ያመጡትን ፉርሽካ ነዋ!»

«እኔ? እኔ አንድ ጊዜ ጥቂት ነገር ጣል አድርጌ ይሆናል። ይልቅ ያ አተላ ነው ያበላሸው።»

«የእኔ አተላ ለአፍ ያህል ነው!» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። «ሆዱን የደፈነው ፋጉሎ ነው።»

ገብረየስ «ፋጉሎ? እኔ ከሁለት ሳምንት ወዲህ እዚህ ግቢ አልረገጥኩም» አለ፤ የስቅለት ዕለት ማለዳ ሲወጣ የደርበው ሚስት በዓይኗ አይታዋለች።

ትናንት ጮማው የሦስቱም ነበር። ዛሬ ጥቁሩ ሥጋ ባለቤት አጣ።

ጋሽ ባንትይርጉ የበሬውን ጨጓራ ጎትተው አወጡና ለሁለት ሰነጠቁት። ውስጡ ያለው ፈርስ ሳይዋሃድ፣ ሳይልም፣ እንደተሰጠው ሆኖ ተቀምጧል። ኮምጣጣ ሽታው ሰውን ሁሉ ወደ ኋላ አሸሸው። ሽማግሌው ለሥጋው መደብ ከተነጠፈው ቅጠል ላይ አራት ቦታ ለዩ። በእጃቸው እየዛቁ በአንደኛው ላይ የረጠበ ፉርሽካ፣ በሁለተኛው ላይ የገብስ ገለፈት ያለበት አተላ፣ በሦስተኛው ላይ ጥቁር የፋጉሎ ስባሪ ከመሩ። ልክ ለቅርጫ እንደሚደረገው፣ ክምሩን እያስተካከሉ። አራተኛውን ቦታ ባዶውን ተዉት።

«ኑ፣ መደባችሁን ውሰዱ» አሉ። «ዛሬ ዕጣ አያስፈልግም፤ ሁላችሁም የየራሳችሁን ታውቁታላችሁ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ደርበው ግን ወደ ባዶው ቦታ እያየ «ይሄኛውስ የማን ነው?» አለ።

«ያንተ ነው። ይህን ሁሉ ሳምንት ያልተናገርከው እምቢታ ነው። እነሱ ያመጡትን እኮ አላመጣህም፤ ያንተ ጥፋት አፍህን መዝጋትህ ነው። እንዲያውም ካንተ መደብ አንዲት ቃል ብትኖር፣ እነዚህ ሦስቱ እዚህ ባልተከመሩ ነበር።»

ደርበው ፊቱ ተለዋወጠ። እውነትም አፍሮ ነበር፣ እውነትም ተናዶ ነበር፤ በሌሎቹ ብቻ ሳይሆን በራሱም። የቅርጫው ሰብሳቢ «እንግዲህ ለከርሞ በሬውን ለማን እንስጥ?» ሲሉ ጠየቁ። ከቀላቢዎቹ አንዳቸውም እጃቸውን አላነሡም። ያን ጊዜ ደርበው ወደ ፊት ወጣ።

«ብትሰጡኝም ባትሰጡኝም የእናንተ ፈቃድ ነው። ከሰጣችሁኝ ግን ገንዳው የእኔ ነው። የምታመጡትን እደጅ አስቀምጡልኝ፤ ምን ያህሉ መቼ እንደሚገባ የምወስነው እኔ ነኝ። የበረቱንም በር በእሾህ እዘጋለሁ። እትዬ ትርንጎ፣ ለእርስዎም ጭምር ነው።»

«ወይ ጉድ! ለእኔ?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

«አዎ፣ ለእርስዎ።»

ያቺ በሕይወቱ የተናገራት የመጀመሪያዋ እምቢታ ነበረች። ሰማይ አልተደፋም። ወይዘሮ ትርንጎ ለሁለት ቀን አኮረፉ፤ በሦስተኛው ቀን ሰላምታ ሰጡት። የቅርጫው ሰዎችም የከርሞውን በሬ ለእሱ ፈቀዱለት።

ልብ በሉ፤ ፉርሽካው ክፉ አልነበረም፤ አተላውም ፋጉሎውም እንዲሁ። በልኩና በጊዜው ቢሆን ሦስቱም ያንን በሬ ባሳመሩት ነበር። ሰዎቹም ክፉዎች አልነበሩም። ነገሩን ያበላሸው ሁሉም የጮማውን ምስጋና ሲፈልጉ፣ በሬው ራሱ ምን እንደሚፈልግ የጠየቀ አንድ ሰው አለመኖሩ ነው። የሚያውቀው አንዱ ደግሞ እውቀቱን ይሉኝታ ዋጠው። ልጅ ሲያድግ፣ ማኅበር ሲቋቋም፣ ሥራ ሲጀመር እንዲሁ ነው፤ ሁሉም ባልዲውን ይዞ ይመጣል፣ ሲያምር የእኔ ነው ይላል፣ ሲበላሽ እዚያ ግቢ አልደረስኩም ይላል።

ጋሽ ባንትይርጉ ዛሬ እርስዎ ደጅ መጥተው ያንን ቅጠል ቢያነጥፉ፣ የእርስዎ መደብ የትኛው ይሆን? ከተከመሩት ከሦስቱ አንዱ፣ ወይስ ያ ባዶው?