ጥቁሯንም ቁጠራት

አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ ዛሬም በሕይወት አለ፣ ስልክ ቁጥሬንም ያውቃል። ሰፈሩ ሁሉ «ማስትሮ» ይለው ነበር፤ እኛም ማስትሮ እንበለው።

ማስትሮ በቤተ ክርስቲያን የሚጫወትበት ዕቃ ዎርክስቴሽን የሚሉት ትልቁ ኪቦርድ ነበር። ስክሪን አለው። ከበሮውን ራሱ ይመታል፣ ራሱ ይቀዳል፣ ሁለት ሺህ ድምፅ በሆዱ ይዟል። አንድ እሑድ ማስትሮ የዝናቡን ድምፅ ቢነካው፣ ሦስት እናቶች ያሰጡትን በርበሬ ሊያስገቡ ከጉባኤ ሮጠው ወጡ። አላመናችሁም? አንደኛዋ እኮ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም!

በዚያው ቤተ ክርስቲያን ከመጋረጃው ጀርባ ሌላ ዕቃ ቆሞ ነበር። ርካሽ ዲጂታል ፒያኖ። ገዝተው ያመጡት ሽማግሌው ጋሽ ላምቤቦ ናቸው። ድምፁ አሥር ብቻ። ስክሪን የለው፣ ከበሮ የለው። ማስትሮ ያየው ዕለት፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ነው!» አለ። መዘምራኑ ሳቁ። ጋሽ ላምቤቦ ግን መመሪያውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ማንበብ ጀመሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱኑ አነበቡ።

አሁን የማስትሮን ምስጢር ልንገራችሁ። ማስትሮ የሚያውቀው ነጮቹን ቁልፎች ብቻ ነበር! ዘማሪው ከፍ ቢል፣ ዝቅ ቢል፣ ትራንስፖዝ የምትባለውን በተን ጠቅ ያደርጋል፤ ማሽኑ ድምፁን ከፍ ዝቅ ያደርግለታል፤ ጣቶቹ ግን ከነጮቹ ንቅንቅ አይሉም። ጥቁሮቹ ላይ አቧራ ተኝቶባቸዋል። ይህን ማን ያውቃል? ማንም። ለእሱ እንደዚያ ይመስለው ነበር።

አንድ እሑድ እህት ታደለች ልትዘምር ተነሣች። ጉሮሮዋን ቀዶ ጥገና ከተደረገች ሦስት ዓመቷ ነው፤ በሦስቱ ዓመት አንዲት መዝሙር ከአፏ አልወጣችም። ድምፅዋ ቀጥኗል፣ ወርዷልም። ወደ መድረኩ ከመውጣቷ በፊት ለማስትሮ እንዲህ አለችው፦

«ወንድሜ፣ ሦስት እርምጃ ዝቅ አድርግልኝ። ከፍ ካለብኝ ይሰበራል። ዛሬ በሰው ፊት ከተሰበረ ደግሞ ሁለተኛ አልቆምም።»

«አታስቢ እህቴ፣ አስተካክዬዋለሁ።»

እውነትም አስተካክሎ ነበር። መግቢያውን ጀመረ። ታደለች ማይኩን አነሣች። አፏን ከፈተች።

መብራት ጠፋ።

ጄኔሬተሩስ አትሉኝም? ጄኔሬተሩ ቤንዚን ካየ ሁለት ሳምንቱ ነበር። ሁለት ሺህ ድምፅ የያዘው ማሽን አንዲት ድምፅ አጣ! አምስት መቶ ሰው እያያት ታደለች ብቻዋን ቆማለች። ማይኩን አስቀመጠች። አንድ እግሯ ወደ ደረጃው ዞረ።

ማስትሮ ያንን እግር አየ። ከወረደ እንደማይመለስ ያውቃል። ግን ምን ያድርግ?

ጋሽ ላምቤቦ ፒያኖውን እንደ ወራጅ እንጨት ተሸክመው ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አሉ።

«ገልብጠው!» አሉት።

«ጋሼ፣ መብራት የለም እኮ!»

«ገልብጠው አልኩህ!»

ገለበጠው። ከሥሩ ክዳን አለ። ክዳኑን ሲከፍተው የስድስት ባትሪ ድንጋይ ቦታ! ሁለት ዓመት፣ ወገኖቼ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ክዳን እዚያው ነበር።

ድንጋይ ከየት ይምጣ? ከሁለቱ ገመድ አልባ ማይኮች አራት ወጣ። ከግድግዳው ሰዓት አንድ። በዚያ ቀን ስብከቱ ስንት ሰዓት እንዳለቀ እስከ ዛሬ አይታወቅም። አምስት ሆነ። አንድ ጎደለ።

ታደለች አንድ ደረጃ ወረደች።

ጋሽ ላምቤቦ ዙሪያቸውን ቃኙ። አቀረቀሩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ውስጥ ኪሳቸው ሰደዱና አንዲት ትንሽ ሬዲዮ አወጡ።

«ጋሼ! በጉባኤ መሐል ኳስ ያዳምጣሉ እንዴ?»

«ዜና ነው! ዝም ብለህ ክተት!»

ስድስተኛው ድንጋይ ገባ። ማስትሮ ማብሪያውን ሲጫን ፒያኖው ወዲያው በራ። ያ ትልቁ ቢሆን ለመነሣት ብቻ ሁለት ደቂቃ ያዛጋል። ድምፅ ማጉያም አላስፈለገው፤ ከራሱ ጋር ነው የተሠራው።

ማስትሮን ግን ላብ አጠመቀው። ትራንስፖዙ የታለ? የሚያይበት ስክሪን የለም። እንዲሁ በነጮቹ ቢጀምርላት ከፍ ይልባታል፣ ትሰበራለች፤ የእሱ ምስጢር ግን ተሸፍኖ ይቀራል። ሰው ሁሉ «ድምፅዋ ነው» ይላል። ማን እሱን ይጠይቃል?

ጎንበስ አለና በሽማግሌው ጆሮ አንሾካሾከ። «ጋሼ… እኔ እኮ የማውቀው ነጮቹን ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ የጥቁሮቹን አቧራ የምወለውለው እኔ አይደለሁ? በል ስማኝ። ይቺን በተን ተጭነህ ያዝ፤ እንዳትለቃት። ዶ ከምትባለው ነጭ ቁልፍ ተነሥተህ ወደ ግራ ቁጠርና ሦስተኛዋን ነካ አድርግ፤ ፒያኖው ራሱ ሦስት እርምጃ ይወርድልሃል።»

ማስትሮ መቁጠር ጀመረ። አንድ ነጭ። ሁለት… ጥቁሯን ዘሎ ሌላ ነጭ ሊነካ ሲል፣ ጋሽ ላምቤቦ እጁን ቀብ አደረጉት።

«ጥቁሯንም ቁጠራት!»

ቆጠራት። ሦስተኛዋን ነካ። በተኗን ለቀቀ። ጣቶቹን ሲያሳርፍ የፒያኖው ቁልፎች ከበድ አሉበት፤ ቀስ ብሎ ቢጫናቸው ድምፁም ቀስ ብሎ ወጣ።

የታደለች እግር ቆመ። ተመለሰ። ዘመረች፤ ድምፅዋ ክር ያክላል፣ ግን አልተበጠሰም! አምስት መቶ ሰው አላሳለም፤ ዝንቦች እንኳ አርፈው ነው የሰሙት። ሦስተኛው አዝማች ላይ መብራት መጣ። ትልቁ ኪቦርድ ስክሪኑን ቦግ አደረገ። ማን ዞሮ አየው?

ወገኖቼ፣ ሁለት ሺህ ድምፅ መጥፎ ነው አላልኩም። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። በቤታችሁ ከመጋረጃ ጀርባ ያቆማችሁት ማነው? «ከእሷ ምን ይወጣል?» ያላችኋት ምራት፣ «መሃይም ነው» ብላችሁ ስብሰባ የማትጠሩት ጎረቤት፣ እዚያ ኋላ ወንበር ላይ ሁልጊዜ ዝም የምትል እህት። ገልብጣችሁ አይታችኋል? ክዳኑ እኮ ከላይ አይደለም፣ ከሥር ነው። ከሥር ያለውን ደግሞ ቆሞ ያየ የለም፤ መንበርከክ ይፈልጋል።

አንተስ ምስጢርህን ለመሸፈን የማንን ድምፅ ልትሰብር ነው?

ማስትሮ ዛሬ ጥቁሮቹን እየተማረ ነው። ሰዓቱ ግን ድንጋዩ አልተመለሰለትም፤ እስከ አሁን እንደቆመ ነው፤ ስለዚህ ወደ ግድግዳ አትዩ፣ ወደ እኔ እዩ። ዛሬ ቤታችሁ ግቡና ሰዎቻችሁን አንድ በአንድ ቁጠሩ። የቆጠራችሁትን አትንገሩኝ። የዘለላችሁትን ንገሩኝ።

ጥቁሯንም ቁጠሯት።